የኑግ ዘይት ሰንጠረዥ ድምሩ መቶ ሞልቶ ሊኖሌኒኩ ለምን በዛ?

መነሻው

በአንድ የውይይት መድረክ ላይ ስለ ኑግ ዘይት የተነሣ ጥያቄና የተከተሉት መልሶች ማጠቃለያ ነው። ጥያቄውን ያነሣችው ደሴ ላይ የዘይት ናሙና የምትመረምር ባለሙያ ናት። ናሙናው ኮምቦልቻ ካለ አንድ ዘይት መጭመቂያ የመጣ የኑግ ዘይት ነው። የመጭመቂያውን ስም አልጻፈችም፤ ደግ አድርጋለች። አሠራሯን ግን አንድም ሳታስቀር ዘርዝራዋለች። 0.1 ግራም ዘይት በ2 ሚሊ ሊትር ሄክሴን አሟሟች፤ በሜታኖል የተሟሟ 2 ኖርማል ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ 0.2 ሚሊ ሊትር ጨመረች (ዘይቱን በቀላሉ ወደሚተን ሜቲል ኤስተር ይለውጠዋል)፤ 30 ሰከንድ አጥብቃ ናጠች፤ ከላይ ከጠራው 1 ማይክሮ ሊትር ወስዳ ወደ ጋዝ ክሮማቶግራፉ ወጋች፤ እያንዳንዱን ፋቲ አሲድ ለይቶ በየተራው እንደ ሾጣጣ ጉብታ፣ ማለትም ፒክ፣ የሚመዘግብ መሣሪያ ነው። ኮለሙ፣ ማለትም ፋቲ አሲዶቹ የሚለያዩበት ቀጭን ቱቦ፣ ውስጡ ዋክስ የተቀባ ባለ 30 ሜትር የዋክስ ኮለም ነው። ምድጃው ከ170 ዲግሪ ይነሣል፣ 1 ደቂቃ ይቆያል፣ ከዚያ በደቂቃ 5 ዲግሪ እየጨመረ 220 ሲደርስ፣ ማለትም በ11ኛው ደቂቃ፣ ሩጫው ያበቃል። ጋዝ ለመቆጠብ ስትል ነው ያሳጠረችው።

ያገኘችው የፋቲ አሲዶች (ዘይቱ የተሠራባቸው አሲዶች) ድርሻ ይህ ነው፦ ፓልሚቲክ 8.9፣ ስቴሪክ 6.6፣ ኦሌይክ 8.6፣ ሊኖሌይክ 72.2፣ ሊኖሌኒክ 3.7 በመቶ። ድምሩ ልክ 100። የኑግ ዘይት ሊኖሌኒክ አብዛኛውን ጊዜ 1 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ታዲያ ይህ 3.7 ከየት መጣ ነው ጥያቄዋ። በመጨረሻ ደግሞ እንደ ተራ ነገር አንድ ነገር ጣል አድርጋለች። ከሁለተኛው ናሙና ጀምሮ 3.5ኛው ደቂቃ አካባቢ፣ ከፓልሚቲኩ ቀደም ብሎ፣ ዝቅ ያለ ሰፊ ጉብታ ይታያል፤ የፕላስቲክ ቆሻሻ መስሏት ከስሌቱ አውጥታዋለች።

መልስ 1

አብሽሪ ብሎ የጀመረ ሰው ነው። ከሊኖሌኒኩ በቀር ቁጥሮቹ የደህና ኑግ ቁጥሮች ናቸው ይላል። የሀገራችን ኑግ ሊኖሌይኩ ከ70 በላይ መሆኑ የተለመደ ነው፤ የሕንዱ ዝቅ ይልና ኦሌይኩ ከፍ ይላል፤ ፍሬው በሚሞላበት ጊዜ ሙቀት ሲበዛ ሊኖሌይኩ ይቀንሳል፣ ኦሌይኩ ይጨምራል። ስለዚህ ከቆላ የመጣ ኑግና ከደጋ የመጣ ኑግ አንድ ቁጥር ባይሰጡ አትደንግጪ ይላታል። ሊኖሌኒክ ያለችው ፒክ ግን በእርግጥ ሊኖሌኒክ መሆኑን 37 ሜቲል ኤስተር የያዘውን ስታንዳርድ (ይዘቱ የታወቀ ማነጻጸሪያ) በዚያው ቀን፣ በዚያው ፕሮግራም አስኪዳ እንድታረጋግጥ ይመክራል። የትናንት ስታንዳርድ ለዛሬ ናሙና አይሆንም የሚለውን ሁለት ጊዜ ጽፎታል።

መልስ 2

ይህኛው ጥርጣሬው ሜቲል ኤስተሩ አሠራር ላይ ነው። 2 ኖርማሉ ሲዘጋጅ 11.2 ግራም ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ በ100 ሚሊ ሊትር ሜታኖል ነው። ሜታኖሉ ውኃ ከጠጣ ወይም ጠርሙሱ ሲከፈት ሲዘጋ ከከረመ፣ ኤስተር መሆን ያለበት ዘይት ሳሙና ይሆናል፤ ምልክቱ ከናጡት በኋላ የላይኛው ንብር አለመጥራቱ ነው። ሌላም አክሏል፦ በቤዝ የሚሠራው ዘዴ ነፃውን ፋቲ አሲድ አይለውጥም። ስለዚህ የቆየ፣ አሲዱ ከ2 በመቶ ያለፈ ዘይት በዚህ መንገድ አይሠራም፤ በሜታኖል ውስጥ ከ1 እስከ 2 በመቶ ሰልፈሪክ አሲድ ተደርጎ፣ ዘይቱ እንዲሟሟ ትንሽ ቶሉዊን ተጨምሮ፣ 50 ዲግሪ ላይ ያድራል። ለውጡ መሙላቱን ለማየት ስስ ንብር ክሮማቶግራፊ (ጠብታው ሳህን ላይ ወደ ነጥቦች የሚለያይበት ዘዴ) ይሠራል፤ ማስኬጃው የ80 ሄክሴን፣ የ20 ዳይኢትል ኢተርና የ1 አሴቲክ አሲድ ቅልቅል ነው፤ በአዮዲን ጢስ ሲታይ ከኤስተሩ በታች የዘይት ነጥብ ከቀረ ሥራው አላለቀም።

ምክሩ ሁሉ እውነት ነው። ግን በጎደለ ኤስተር ሊኖሌኒክ አይፈጠርም፤ ይህንንም ራሱ መጨረሻ ላይ አምኗል።

መልስ 3

አጭር ነው። ጉብታው ከፕላስቲክ የሚወጣ ፋታሌት ነው፤ የፕላስቲክ ፒፔት ትታ በመስታወት ትሥራ፤ ሄክሴን ብቻውን ትውጋ ይላል። ምርመራው ተሳስቷል፤ ሄክሴን ብቻውን መውጋቱ ግን ኋላ በሩን የከፈተው ነው።

መልስ 4

ነገሩን ጨርሼዋለሁ በሚል ድምፅ የመጣ ነው፦ ተልባ ነው። ስሌቱን አስቀምጧል። የተልባ ዘይት ሊኖሌኒኩ 55 በመቶ ገደማ ነው። 6 በመቶ ተልባ ኑግ ላይ ቢቀላቀል 0.06 ጊዜ 55 ማለት 3.3፤ የኑጉ የራሱ 0.3 ሲታከልበት 3.6። ሊኖሌይኩ 71.4፣ ኦሌይኩ 7.7፣ ፓልሚቲኩ 8.8 ይሆናል። ይህ ከጠያቂዋ ሰንጠረዥ ጋር ለመግጠም ጥቂት ነው የቀረው። መጭመቂያው ተልባ ጨምቆ ሳይጸዳ ኑግ ገብቶበታል ብሎ ደምድሟል።

መልስ 5

እዚህ ላይ ድምፁ ሰላ። የ4ኛው መልስ ጸሐፊ የጥያቄውን ግማሽ ብቻ ነው ያነበበው ብሎ ጀመረ። በመጭመቂያው ማሽን ውስጥ የሚቀረው ፋጉሎና ዘይት የሚያበላሸው መጀመሪያ የሚገቡትን ጥቂት ኪሎዎች ነው እንጂ ሙሉውን በርሜል 6 በመቶ አያደርስም አለ። ቀጥሎ፣ ሁላችሁም ጉብታውን ለምን ዘለላችሁት ሲል ጠየቀ።

ማብራሪያው በቁምነገር ሊነበብ የሚገባው ነው። በአንድ ሩጫ ውስጥ ፒኮች ኋላ በወጡ ቁጥር ሰፋ ይላሉ። ስለዚህ በቀጫጭን ፒኮች መካከል፣ ያውም መጀመሪያ አካባቢ፣ ከጎረቤቶቹ አራት እጥፍ የሰፋ ፒክ ከታየ የዚያ ሩጫ ልጅ አይደለም፤ ባለፈው ሩጫ ኮለሙ ውስጥ ታስሮ የቀረ ነው። ጠያቂዋ ሩጫውን የምትዘጋው ሊኖሌኒኩ በወጣ በደቂቃ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጡት ባለ 20 እና ባለ 22 ካርቦን ፋቲ አሲዶቹ ናቸው። ባለ 20ው ምድጃው እየቀዘቀዘ ሳለ መዝጋቢው በጠፋበት ሰዓት ይወጣል፤ ማንም አያየውም። ባለ 22ው ግን መንገድ ላይ ይቀርና በሚቀጥለው ናሙና ጊዜ በ3.5ኛው ደቂቃ ብቅ ይላል። የቀኑ የመጀመሪያ ናሙና ላይ ጉብታው አለመኖሩም ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ከፊቱ ማንም አልነበረም። ከቅባት እህሎቻችን ባለ 22 ካርቦን ኤሩሲክ አሲድ በብዛት ያለው ደግሞ ጎመን ዘር ነው፤ 40 በመቶ አካባቢ። ሊኖሌኒኩም እዚያው አለ፣ 15 በመቶ ገደማ።

ማረጋገጫ ብሎ ያዘዘው ቀላል ነው፦ ናሙናውን ወግታ፣ ተከትላ ሄክሴን ብቻውን ሁለት ጊዜ ትውጋ። ጉብታው በመጀመሪያው ሄክሴን ታይቶ በሁለተኛው ከጠፋ የታሰረ ነው። በሁለቱም ካለ የመርፌው፣ የላይነሩ (ናሙናው የሚወጋበት የመስታወት ቱቦ) ወይም የሄክሴኑ ቆሻሻ ነው።

መልስ 6

ጠያቂዋ በማግስቱ ተመለሰች። በመጀመሪያው ሄክሴን ጉብታው አለ፤ በሁለተኛው ቤዝላይኑ (ፒክ በሌለበት የሚታየው መሠረታዊ መስመር) እንደ ገበታ ዝርግ ነው። አመስግና፣ ሩጫውን እስከ 25ኛው ደቂቃ አራዝማ እስክትመለስ ጊዜ ጠይቃለች፤ የጋዝ ሲሊንደሩ ሊያልቅ ስለሆነ እስኪቀየር ትጠብቃለች።

መልስ 7

የ4ኛው መልስ ባለቤት ነው፣ ተቆጥቷል። እስካሁን እርስዎ ሲል የነበረው ሰው እዚህ አንተ ማለት ጀመረ። የታሰረ ነገር መኖሩ ጎመን ዘር መሆኑን አያሳይም፤ ያላየኸውን ፒክ ስም አታውጣለት፤ የእኔ ስሌት በአምስቱም ቁጥሮች ይገጥማል ይላል። ቁጣውን ትተን ነገሩን ካየነው ከፊሉ ልክ ነው። በአምስት ቁጥር ብቻ ተልባንና ጎመን ዘርን መለየት አይቻልም፤ ይህንንም ቀጣዩ መልስ በቁጥር አሳይቶታል።

መልስ 8

ከውይይቱ ሁሉ እኔ የማስበልጠው ይህንን ነው። ጸሐፊው ማንንም አልነካም፤ እርሳስና ወረቀት ይዞ ነው የተቀመጠው።

80 እጅ ንጹሕ ኑግና 20 እጅ ጎመን ዘር ቢቀላቀሉ ትክክለኛው ስብጥር ይህን ይመስላል፦ ፓልሚቲክ 7.8፣ ስቴሪክ 5.8፣ ኦሌይክ 7.6፣ ሊኖሌይክ 63.4፣ ሊኖሌኒክ 3.2፣ አይኮሴኖይክ (ባለ 20 ካርቦኑ) 1.8፣ ኤሩሲክ 8.2፣ የቀሩት ጥቃቅኖች ተደምረው 2.2። የመጀመሪያዎቹ አምስቱ ድምራቸው 87.8 ነው። ሩጫው ከሊኖሌኒኩ በኋላ ሲቆረጥ መሣሪያው እነዚህን 87.8 እንደ ሙሉ መቶ ወስዶ ያካፍላል። 63.4 ለ87.8 ሲካፈል 72.2 ነው። 7.8 ደግሞ 8.9፤ 5.8ቱ 6.6፤ 3.2ቱ 3.6። ከማጠጋጋት ልዩነት በቀር የጠያቂዋ ሰንጠረዥ ይኸው። አንድ አምስተኛው ጎመን ዘር የሆነ ዘይት ንጹሕ ኑግ መስሎ ቀረበ ማለት ነው። ከፒኮቹ ሥር ያለውን ቦታ በመቶኛ ማካፈል ምንጊዜም 100 ይሰጣል፤ ያልወጣውን አይቆጥርም። ድምሩ መቶ ሞላ ብሎ መረጋጋት ትልቁ ስሕተት ነው ይላል፤ እኔም በሙሉ ልቤ እስማማለሁ።

ከዚያ ጋዝ እስኪመጣ ድረስ ያለ መሣሪያ የሚሠራ መለያ ሰጠ፤ የአዮዲን ቁጥር፣ ማለትም 100 ግራም ዘይት የሚይዘው አዮዲን በግራም፣ ነው። ከሰንጠረዡ ሲሰላ ኦሌይኩ በ0.86፣ ሊኖሌይኩ በ1.732፣ ሊኖሌኒኩ በ2.616፣ አይኮሴኖይኩ በ0.785፣ ኤሩሲኩ በ0.723 ይባዛል። የጠያቂዋ ሰንጠረዥ እንዳለ ከተወሰደ 142 ይመጣል። የተልባው ቅልቅል 140 ገደማ ይሰጣል። የጎመን ዘሩ ቅልቅል ግን 132 ነው፤ ኤሩሲክ ረጅም ሰንሰለት ላይ አንድ ድርብ ትስስር ብቻ ስላለው ቁጥሩን ወደ ታች ይጎትታል። በዊይስ ዘዴ 0.13 ግራም ዘይት በትክክል ይመዘናል፤ በ20 ሚሊ ሊትር ማሟሚያ ይሟሟል፤ 25 ሚሊ ሊትር የዊይስ መፍትሔ ተጨምሮ ተከድኖ 1 ሰዓት ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል። ከዚያ 20 ሚሊ ሊትር 10 በመቶ ፖታሲየም አዮዳይድና 150 ሚሊ ሊትር ውኃ ገብቶ 0.1 ኖርማል ታዮሰልፌት ጠብ እየተደረገ የፈጀው መጠን ይለካል። ዘይት በሌለበት ባዶ ሙከራና በናሙናው መካከል ያለው የታዮሰልፌት ልዩነት 13.5 ሚሊ ሊትር አካባቢ ከሆነ ጎመን ዘር ነው፤ 14.5 ከቀረበ ተልባ ወይም ሰንጠረዡ ትክክል ነበር። የአንድ ሚሊ ሊትር ልዩነት ስለሆነ ሦስት ጊዜ ይደገም፤ ሚዛኑም እስከ 0.1 ሚሊ ግራም የሚለይ ይሁን። ንጹሕ ተልባን ብቻውን የሚለካ ግን ቁጥሩ ከ150 ስለሚያልፍ ናሙናውን ወደ 0.10 ግራም ዝቅ አድርጎ ሁለት ሰዓት ይጠብቅ።

መልስ 9

ይኸንኑ በሌላ መንገድ የሚያጠናክር ነው። ከኤስተሩ በፊት ለ100 ሚሊ ግራም ዘይት 10 ሚሊ ግራም ትራይሄፕታዴካኖይን (ፋቲ አሲዱ ባለ 17 ካርቦን ብቻ የሆነ ቅባት) ቢጨመር፣ ባለ 17 ካርቦኑ ፒክ እንደ ሚዛን ድንጋይ ያገለግላል። እንዲያ ሲሠራ ውጤቱ በመቶኛ ሳይሆን በግራም ይወጣል። ከ100 ግራም ዘይት ወደ 100 ግራም የሚጠጋ ሜቲል ኤስተር መገኘት ሲገባው 88 ብቻ ከመጣ፣ 12ቱ ግራም የት ገባ ብሎ የሚጠይቅ ቁጥር በእጅ ላይ አለ። ኤስተሩ ካልተሟላም ይኸው ቁጥር ያጋልጣል፤ ይህ ለ2ኛው መልስ ስጋትም መፍትሔ ነው።

መልስ 10 እና 11

ወሬው ከመሣሪያው ወጥቶ ወደ ገበያ ሄደ። አንዱ ጎመን ዘር ለምጣድ ማሰሻ እንጂ ለዘይት ማን ያስጨምቀዋል ብሎ ተከራከረ። ሌላዋ መለሰችለት፦ ኑግ ሲወደድ የሚደባልቅ አይጠፋም፤ ሳይታሰብም በአውድማና በጆንያ ይቀላቀላል፤ አንድ አምስተኛ ግን ሳይታሰብ አይደርስም።

ከዚህ ክርክር ለሁሉም የሚጠቅም የገበያ መለያ ወጣ። ኑግ ቀጭን፣ ረዘም ያለ፣ የሚያብለጨልጭ ጥቁር ነው፤ ጎመን ዘር ድቡልቡል፣ ቡናማ ወይም ቢጫ። አንድ ጭብጥ እህል ሰፌድ ላይ ዘርግቶ ሰፌዱን ዘንበል አድርጎ መታ መታ ሲያደርጉት ድቡልቡሉ ተንከባሎ ይወርዳል፣ ኑጉ ባለበት ይቀራል። ጥርጣሬ ካለ የወረደውን ወቅጦ ለብ ባለ ውኃ ማራስ ነው፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ ከወጣ ጎመን ዘር ነው። ውኃው የፈላ ከሆነ አይሠራም፤ ሽታውን የሚያወጣውን ኢንዛይም ይገድለዋል። ፋጉሎውም ሲጨመቅ በጣም ካልጋለ በዚሁ ሊለይ ይችላል፣ ለከብት የሚገዛ ሰው ቢሞክረው ይጠቀማል። የተጨመቀ ዘይት ላይ ግን በማሽተት ብቻ መፍረድ አይቻልም።

መልስ 12

የመድረኩ አስተናጋጅ ገብቶ፣ መጭመቂያው የቱ ነው እያሉ በውስጥ የሚጠይቁ ሰዎች እንዲተዉ፣ 5ኛውና 7ኛው ጸሐፊዎችም ወንድማማች መሆናቸውን እንዳይረሱ አሳሰበ። 5ኛው ወዲያው ይቅርታ ጠየቀ። 7ኛው ዝም አለ።

መልስ 13

100 ሜትር የሳያኖፕሮፒል ኮለም (ውስጡ ሌላ ዓይነት ቅብ ያለው) ላላቸው የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ይህ ባይጻፍ ኖሮ ብዙ ሰው ይሳሳት ነበር። በዋክስ ኮለም አይኮሴኖይክ ከሊኖሌኒክ በኋላ ለብቻው ጥርት ብሎ ይወጣል። በዚያኛው ኮለም ግን ሁለቱ በጣም ይቀራረባሉ፤ የምድጃው ሙቀት በጥቂት ዲግሪ ሲለወጥ ቦታቸውን ይቀያየራሉ፣ አንዳንዴም አንዱ ሌላው ላይ ይቀመጣል። ጎመን ዘር ሁለቱንም ስለያዘ፣ እዚያ ኮለም ላይ የአይኮሴኖይኩ 9 በመቶ ሊኖሌኒኩ ላይ ተደምሮ 24 ሊነበብ ይችላል። መድኃኒቱ ሁለቱን ንጹሕ ስታንዳርዶች ለየብቻና አብሮ በማስኬድ ሙቀቱን መምረጥ ነው። ማንም በሰው ሰንጠረዥ የተጻፈ የመውጫ ደቂቃ አይዋስ ይላል።

መልስ 14

ከርዕሱ ትንሽ የወጣ፣ ግን ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው የሚበጅ። ሩጫው 25 ደቂቃ ሲሆን መብራት መሐል ላይ የመሄዱ ዕድል ይጨምራል። ግፊቱን በኤሌክትሮኒክ የሚቆጣጠር መሣሪያ መብራት ሲጠፋ ጋዙን ይዘጋል፤ ኮለሙ 240 ዲግሪ ላይ እያለ ጋዝ ከቆመ አየር ይገባል፣ ዋክስ ደግሞ ከኦክሲጅን ጋር አይስማማም። ምልክቱ ቤዝላይኑ ሙቀት ሲጨምር ከበፊቱ ይልቅ መውጣቱ፣ ፒኮቹም ጅራት ማውጣታቸው ነው። የባትሪ መጠባበቂያው ኮምፒውተሩን ብቻ ሳይሆን መሣሪያውንም ይያዝ፤ መብራት ሲመለስም ምድጃው ከመጋሉ በፊት ቢያንስ 15 ደቂቃ ጋዝ በቀዝቃዛው ይለፍበት።

መልስ 15

ጠያቂዋ ውጤት ይዛ መጣች። የዊይሱ ልዩነት ሦስት ጊዜ ተለክቶ 13.4፣ 13.5 እና 13.6 ሚሊ ሊትር፤ አማካዩ ሲሰላ 132። ሲሊንደሩ ተቀይሮ ምድጃው 240 ዲግሪ ላይ እስከ 25ኛው ደቂቃ ሲቆይ፣ አይኮሴኖይክ 1.8፣ ኤሩሲክ 8.1 ሆነው ወጡ፤ ሊኖሌይኩ ወደ 63.5 ወረደ። ጉብታው ጠፋ። ዘይቱ ከተጨመቀበት እህል የቀረላትን 100 ግራም በሰፌድ ስትለይ 18 ግራም ድቡልቡል ፍሬ ወረደ። የጎመን ዘሩ ዘይት ከኑጉ ትንሽ ስለሚበልጥ 18ቱ ግራም በዘይት ወደ 20 በመቶ ቢጠጋ ይገጥማል። ሦስት መንገዶች አንድ ቦታ ደረሱ።

መልስ 16

የ7ኛው ጸሐፊ ነው። ተልባ አለመሆኑን አምኗል፤ እንደገናም እርስዎ ማለት ጀምሯል። አንድ ጥያቄ ግን አነሣ፤ ይህ ዘይት ለገበያ ምን ይባላል? ኤሩሲክ የሚለካበት ገደብ አለና። የኮዴክስ ደረጃ ዝቅተኛ ኤሩሲክ ለሚባለው የሬፕሲድ ዘይት ከፋቲ አሲዱ 2 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል፤ እዚህ 8 ነው። ኑግ ተብሎ የሚሸጥ ዘይት ግን ኤሩሲክ ጨርሶ ሊኖረው አይገባምና፣ ነገሩ ከገደብ በፊት የስም ጉዳይ ነው ብሏል።

መልስ 17

የመጨረሻው የጠያቂዋ ነው። በ11 ደቂቃ ሩጫ የሠራቻቸው ሌሎች ዘጠኝ ናሙናዎች አሉ፤ ሁሉም ድምራቸው 100 ነበር። የድሮውን ኤስተር አትጠቀምም፣ ከተሠራ ከ12 ሰዓት በኋላ አይታመንም። የስድስቱ ዘይት ግን በጨለማ ጠርሙስ በረዶ ቤት ውስጥ አለ፤ ሰኞ ከእነሱ ትጀምራለች። የቀሩት ሦስቱ ናሙና ስለሌላቸው ሪፖርታቸውን ሰርዛ ላኪዎቹን አዲስ ናሙና ጠይቃለች።